በጽሑፍ ያለ ይወረሳልን? በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ኤስኤስዲን በጥንቃቄ ስለ መጠቀም

1. መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በእኛ የሙያ ዘርፍ አዘውትሮ ይጠቀሳል። ቃል ግጥም የሚሰበስብ ተማሪ ለመስክ ሥራው አስፈላጊነት ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል፤ መምህሩም ይህንኑ ይዞ ተማሪውን ወደ መስክ ይልካል። እኔም በማስተርስ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጠቅሼው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያስገደደኝ ግን በጽሑፍም በድምፅም ይዤው የነበረ ነገር በአንድ ምሽት ሳይወረስ መቅረቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም የአንዲት ሙሾ አውራጅ እናትን ግጥሞች በሁለት ዙር ቀድቼ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ አንድ ተማሪዬ ለትንተና ስለፈለገው በፍላሽ ገልብጬ ሰጥቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት የሚሆነው ሁለተኛው ዙር ግን በቤቴ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩን ከዚያ በፊት በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ስጠቀምበት ቆይቼ፣ ፍጥነት እንዲያገኝ ብዬ ኤስኤስዲ አስገብቼለት ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ የሚነሣበት ዲስክ እንደሌለው የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ በመስኮቱ ላይ አወጣ።

በማግሥቱ የወሰድኩለት ወጣት ጥገና ባለሙያ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞከረው። «ጋሼ፣ ጭራሽ አይታይም» አለኝ። «ሃርድ ዲስክ ሲሆን እኮ ሲንኳኳ ይሰማል። ይሄ ዝም ነው ያለው። ሌላ ቅጂ አለዎት አይደል?» መልስ አልሰጠሁትም። ከሳምንታት በኋላ ግጥሞቹን እንደገና ለመቅዳት ወደ ቤተሰቡ ስደውል፣ እናታችን በዐቢይ ጾም ማረፋቸውን ነገሩኝ። ከሁለተኛው ዙር የቀረኝ በመስክ ማስታወሻዬ ላይ ቸኩዬ የጻፍኩት አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ኤስኤስዲ ፍጥነት ማስረዳት አይደለም። ፍጥነቱን የተጠቀመበት ሁሉ ያውቀዋል። ዓላማው ዕቃው ጽሑፋችንንና ድምፃችንን እንዴት እንደሚይዝ፣ በምን ምክንያት እንደሚያጣው፣ እኛስ ምን ማድረግ እንዳለብን ለሥነ ጽሑፍ ሰው በሚገባ መንገድ ማብራራት ነው። አስቀድሜ ልገልጸው የምፈልገው ዋና ሐሳብም ይህ ነው፤ ኤስኤስዲ የሥራ ጠረጴዛ እንጂ ግምጃ ቤት አይደለም። ጠረጴዛነቱን አውቆ ለሚጠቀምበት ሰው እጅግ አስተማማኝ ነው። ግምጃ ቤት አድርጎ የሚተማመንበት ግን እንደ እኔ ይጸጸታል።

2. ከሚሽከረከር ዲስክ ወደ ጸጥተኛ ሕዋስ

አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ዕቃው 50 የሚሽከረከሩ ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ሆሄያትን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃርድ ዲስክ እጅግ ቢያንስና ቢሻሻልም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። በሳሕኑ ላይ የተቀባው ማግኔታዊ ልባስ ጽሑፉን ይይዛል፤ አንዲት ቀጭን ክንድም በላዩ እየተመላለሰች ታነብባለች፣ ትጽፋለች።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሥሩ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ ካቀረቡት ሐሳብ ነው። ሐሳቡም ኤሌክትሮኖችን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ልባስ በተከበበች ክፍል ውስጥ አስገብቶ መቆለፍ ይቻላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓኑ ቶሺባ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ብዙ ሕዋሳትን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማኅደረ ትውስታ አስተዋወቀ። አጠፋፉ የፎቶግራፍ ካሜራን ብልጭታ ስለሚመስል «ፍላሽ» የሚል ስም ተሰጠው። ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ የምናገኘው «ናንድ» የተባለው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ቀረበ። በእኛ አገር በኪስ ይዘናት የምንዞረውን ትንሽ ዕቃ ፍላሽ የምንላትም ስሟን ከዚሁ ወርሳ ነው።

እንግዲህ በኤስኤስዲ ላይ የተጻፈ ፊደል ማለት በብዙ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ የተቆለፉ ኤሌክትሮኖች መጠን ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች አንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ ይይዝ ስለነበር፣ አንባቢው ክፍል መለየት የሚገባው ሁለት ደረጃ ብቻ፣ ማለትም ባዶውን ከሙሉው ነበር። በኋላ በዚያው ስፍራ ብዙ ለማከማቸት ሲባል በአንድ ሕዋስ 2 ቢት በ4 ደረጃ፣ 3 ቢት በ8 ደረጃ፣ 4 ቢት በ16 ደረጃ መጻፍ ተጀመረ። ባለ 3ቱ «ቲኤልሲ»፣ ባለ 4ቱ «ኪውኤልሲ» ይባላሉ።

የዚህን ውጤት የብራና ጽሑፍ ያነበበ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ቀለሙ በደበዘዘ ገጽ ላይ ፊደል መኖር አለመኖሩን መለየት አይከብድም። ፊደሉ ካዕብ ይሁን ሣልስ፣ ራብዕ ይሁን ሳብዕ ለመለየት ግን ጥቂት መደብዘዝ እንኳ ያስቸግራል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ደረጃ በተጨመረ ቁጥርም ዋጋው ይረክሳል፤ ለስሕተት ያለው ቦታ ግን ይጠብባል። ዕቃው ይህን ለመቋቋም ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር የማረሚያ መረጃ አብሮ ይጽፋል፤ ጥቂት ስሕተት ሲያገኝም እኛ ሳናውቅ አርሞ ያቀርብልናል። ስሕተቱ ከማረም ዐቅሙ ካለፈ ግን ፋይሉ «ማንበብ አልተቻለም» በሚል መልእክት ይቆማል።

3. የመፋቅ ሕግ

ብራና ላይ የጻፈ ጸሐፊ ስሕተቱን የሚያርመው ፍቆ ነው። ብራናው አንድ ጊዜ ሲፋቅ ይችላል፤ ሁለት ጊዜም ይችላል። አንዱ ስፍራ ደጋግሞ ከተፋቀ ግን ይሳሳል፤ በመጨረሻም ይበሳል። ኤስኤስዲም የሚተዳደረው በተመሳሳይ ሕግ ነው። ባዶ በሆነ ስፍራ መጻፍ ይችላል፤ በተጻፈበት ላይ ግን ሳይፍቅ ደግሞ መጻፍ አይችልም። በዚያ ላይ የሚጽፈው በ«ገጽ» ሲሆን የሚፍቀው በ«ብሎክ» ነው። አንድ ብሎክ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩና ከዚያም የሚበልጡ ገጾችን ይይዛል። አንዲት መስመር ለማረም ጥራዙን በሙሉ መፋቅ እንደ ማለት ነው።

ይህን ችግር የሚያቃልለው በውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ነው። የታረመውን ገጽ በሌላ ባዶ ስፍራ ይጽፋል፤ አሮጌውን «የማይፈለግ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ የትኛው ገጽ የት እንዳለም በማውጫ ይመዘግባል። ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ከአንድ ብሎክ ውስጥ የሚፈለጉትን ገጾች ወደ ሌላ ስፍራ አዛውሮ ብሎኩን ይፍቃል። መፋቁ በአንድ ስፍራ ላይ ብቻ እንዳይበረታም ሥራውን በሁሉም ብሎኮች ላይ እኩል ያዳርሳል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ተግባራዊ ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ዲስኩን እስከ አፉ አለመሙላት ነው። ባዶ ስፍራ ያነሰው ተቆጣጣሪ ጥቂት ለመጻፍ ብዙ ለማዘዋወርና ለመፋቅ ይገደዳል። ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ባዶ መተው ጥሩ ልማድ ነው። ሁለተኛው «ትሪም» የተባለው ትእዛዝ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው። ፋይል ስንሰርዝ ኮምፒዩተሩ «እነዚህ ገጾች ከእንግዲህ አይፈለጉም» ብሎ ለዲስኩ የሚነግረው በዚህ ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣ ጀምሮ የዊንዶውስ ስሪቶች ትሪምን ይደግፋሉ። በአንጻሩ ለሃርድ ዲስክ ይጠቅም የነበረው የተበታተኑ ፋይሎችን የማሰባሰብ ሥራ ለኤስኤስዲ ጥቅም የለውም፤ ያለ ፋይዳ ያስፍቀዋል።

መፋቅ ዕቃውን የሚያደክመው ከሆነ ዕድሜው ምን ያህል ነው? የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ጥቂት ስሌት ጭንቀቱን ያቀልለዋል። ብዙ አምራቾች ለባለ 1 ቴራባይት የቲኤልሲ ዲስክ የሚሰጡት የመጻፍ ዋስትና 600 ቴራባይት ያህል ነው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው፣ ይህም ለቤት ተጠቃሚ ብዙ ነው፣ ዋስትናውን ለመጨረስ 30,000 ቀን፣ ማለትም 82 ዓመት ያስፈልገዋል። በአንጻሩ የእኛን ሥራ መጠን እንመልከት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው የዩኒኮድ 3.0 ስሪት ወዲህ የራሱ ቦታ አለው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው በሰፊው በሚሠራበት አጻጻፍም አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በየገጹ 1,500 ያህል ፊደል ያለው ባለ 300 ገጽ ልቦለድ እንግዲህ 1.35 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። በየቀኑ አንድ ልቦለድ ጽፎ የሚጨርስ ደራሲ ቢገኝ እንኳ ኤስኤስዲውን በመጻፍ ብዛት አያደክመውም።

ስለዚህ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ዋናው ሥጋት የመፋቅ ድካም አይደለም። የእኔም ዲስክ ሲሞት ገና ወጣት ነበር።

4. ታዲያ በምን ይጠፋል?

4.1 ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ

ከላይ እንደተገለጸው፣ የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚታወቀው በማውጫው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ሥራው እንዲፈጥንለት የማውጫውን ትኩስ ለውጦች ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ይይዛል፤ ወደ ቋሚው ስፍራ የሚያሰፍራቸውም በየጊዜው ነው። ለትልልቅ ድርጅቶች አገልግሎት የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች መብራት በድንገት ሲጠፋ ይህን ለመጨረስ የሚበቃ ኃይል የሚይዙ መጠባበቂያዎች አሏቸው። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። ማውጫው ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ከቀረ ዲስኩ መጻሕፍቱ በየመደርደሪያው እያሉ የካታሎግ ካርዱ እንደተቃጠለበት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። አንዳንድ ዲስኮች ለጥቂት ጊዜ ኃይል ብቻ ሲያገኙ ማውጫቸውን ራሳቸው መልሰው ያዘጋጃሉ። ጥገና ባለሙያው የኔን በዚህ መንገድ ሞክሮት ነበር፤ አልተመለሰም።

መብራት አዘውትሮ በሚቆራረጥበት አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ምክንያት ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙዎቻችን ስታቢላይዘር ገዝተን ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። ስታቢላይዘር የኃይሉን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን አያቆይም። ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤሱም ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ጊዜ ቢሰጥ ይበቃል። ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ የራሱን ዩፒኤስ ይዟል ማለት ይቻላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር አይሻልም።

4.2 የውስጥ ፕሮግራም ስሕተት

ተቆጣጣሪው ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የሚመራበት «ፈርምዌር» የተባለ ፕሮግራም አለው፤ ፕሮግራም ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ኩባንያ ለድርጅቶች ከሸጣቸው ኤስኤስዲዎች አንዳንዶቹ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ላይ፣ ከነመረጃቸው እንደሚሞቱ ለደንበኞቹ አስታወቀ፤ ማረሚያ ፕሮግራምም አቀረበ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ አምራቹ የፈርምዌር ማሻሻያ ሲያወጣ ቅጂ ይዞ መጫን ይገባል። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን የተገዙና በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ሁለት ተመሳሳይ ዲስኮች አንዱ ለሌላው ዋስ መሆናቸው ያጠራጥራል። መንትዮች በአንድ ሰዓት ሊሞቱ ይችላሉና።

4.3 በመሳቢያ ውስጥ መርሳት

የተቆለፉት ኤሌክትሮኖች ቁልፉን እያመለጡ ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ዲስኩ እየሠራ ሳለ ተቆጣጣሪው የደበዘዘውን እያነበበ እንደገና ሊያድሰው ይችላል። ኃይል ካላገኘ ግን ማንም አያድሰውም። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ድርጅት ለቤት ኤስኤስዲ ያወጣው መለኪያ፣ ዲስኩ የመጻፍ ዋስትናውን ከጨረሰ በኋላ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ዓመት መረጃውን መያዝ አለበት የሚል ነው። ይህ የሚመለከተው ያረጀ ዲስክን ነው፤ አዲስ ዲስክ ከዚህ እጅግ የረዘመ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ሆኖም የመቀመጫው ሙቀት በጨመረ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። ስለዚህ ያገለገለ ኤስኤስዲን ወይም ፍላሽን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መሳቢያ ዘግቶ ከአምስት ዓመት በኋላ እናገኘዋለን ማለት አይገባም።

ከጽሑፋችን ርእስ ጋር የሚያያዘው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ብራና ማንም ሳይነካው፣ ምንም ኃይል ሳያገኝ ለመቶ ዓመታት ጽሑፉን ይዞ ይቆያል። ኤስኤስዲ ግን የሚያስታውሰው እየተነካና እየታደሰ ነው። በዚህ ጠባዩ ከጽሑፍ ይልቅ ቃልን ይመስላል። ቃል ግጥም የሚኖረው ሲባል ነው፤ ሳይባል ከከረመ ይረሳል።

4.4 የእኛ እጅ

ሃርድ ዲስክ የለመደ ሰው በስሕተት የሰረዘውን ፋይል በልዩ ፕሮግራም ፈልጎ ያገኝ ነበር፤ ስሙ ቢሰረዝም ጽሑፉ ከሳሕኑ ላይ ወዲያው አይጠፋምና። በኤስኤስዲ ላይ ግን ከላይ የጠቀስኩት ትሪም ዲስኩ የተሰረዘውን እንዲፍቀው መንገድ ይከፍታል። ከቆሻሻ መጣያው ከወጣ በኋላ መልሶ የማግኘት ተስፋው የመነመነ ነው። በሞተ ኤስኤስዲ ላይም ቢሆን ጽሑፉ በብዙ ሕዋሳት ተበታትኖ፣ አንዳንዴም በምስጢራዊ ቁልፍ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ መልሶ የማውጣት ሥራው ከባድና ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይሳካም።

5. ስለ አመራረጥና አያያዝ

ለቤት ኮምፒዩተር ኤስኤስዲ ሲገዛ ለፍጥነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በ«ሳታ» መስመር የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ዓይነት እንኳ ከሃርድ ዲስክ ጋር ሲነጻጸር ሥራን እጅግ ያፈጥናል። ቲኤልሲ እና ኪውኤልሲ በዋጋ ብዙ ካልተለያዩ ቲኤልሲው ይመረጣል። የዋስትናውን ዓመትና የመጻፍ ዋስትናውን መጠን በማሸጊያው ወይም በአምራቹ መግለጫ ላይ መመልከት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ከሐሰተኛ ዕቃ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ በውጫቸው ብዙ ቴራባይት ይላሉ፤ በውስጣቸው ግን አንዲት ትንሽ የማኅደረ ትውስታ ካርድ ብቻ የያዙ ዕቃዎች አሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚጻፍበትን ሁሉ የተቀበለ መስሎ ከእውነተኛ ዐቅሙ በላይ ያለውን ይጥላል። ዋጋው ከሌሎች እጅግ የረከሰ ከሆነ መጠርጠር፣ የተገዛውንም አስፈላጊ ፋይል ከማስገባት በፊት እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ በሚያነብ የመፈተሻ ፕሮግራም መመርመር ተገቢ ነው።

ከተገጠመ በኋላ የዲስኩን ጤንነት በየወሩ መመልከት ጥሩ ነው። «ክሪስታልዲስክኢንፎ» የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ያሳያሉ። በአዲሶቹ የ«ኤንቪኤምኢ» ዲስኮች መዝገብ ውስጥ ትኩረት የሚሹት አራት ናቸው፦ የዋስትናው ስንት በመቶ እንደተሠራበት፣ የመጠባበቂያ ብሎኮች ስንት በመቶ እንደቀሩ፣ ሊታረሙ ያልቻሉ የንባብ ስሕተቶች ቁጥር፣ ያለ ሥርዓት የጠፋበት ጊዜ ብዛት። ሦስተኛው ቁጥር ከዜሮ ከወጣ ቅጂ ማድረግ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። አራተኛው ደግሞ ዩፒኤስ የመግዛትን አስፈላጊነት ከማንም መካሪ በተሻለ ይናገራል። ሙቀትንም መመልከት ይገባል፤ ለብዙዎቹ የሥራ ሙቀት ጣሪያ ሆኖ የሚሰጠው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ደኅና ነው ማለት ዲስኩ ነገ ይነሣል ማለት አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በጉግል ማእከላት ለስድስት ዓመት ሥራ ላይ የነበሩ አሥር ዓይነት የፍላሽ ዲስኮችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አቅርበው ነበር። ፍላሽ ዲስኮች ከሃርድ ዲስኮች ይልቅ በብልሽት ምክንያት የሚቀየሩት በጥቂቱ ነው። ሊታረም የማይችል የንባብ ስሕተት ግን ይበዛባቸዋል፤ እንደየዓይነቱ ከ20 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስሕተት ገጥሟቸዋል። በቤት ያለን ዲስክ እንደ ማእከሉ ዲስክ አይለፋም። ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ዲስኩ በሕይወት እያለም አንድ ፋይል ከውስጡ ሊሞት ይችላል።

6. ስለ ቅጂ

ቅጂን በተመለከተ በሰፊው የሚሠራበትን መመሪያ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ነው። መመሪያው ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ በሚሉ ቁጥሮች ይታወሳል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለእኛ ሥራ እንዲህ ሊተረጎም ይችላል። የመጀመሪያው በኮምፒዩተሩ ኤስኤስዲ ላይ የምንሠራበት ነው። ሁለተኛው ከኮምፒዩተሩ ውጪ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ ይሆናል፤ ማግኔታዊ ልባስ እንደ ኤሌክትሮን በቶሎ አያመልጥምና ለመደርደሪያ ይህ ይሻላል። ሦስተኛው በበይነ መረብ ማስቀመጫ፣ በሥራ ቦታ ወይም በዘመድ ቤት ይቀመጣል። በበይነ መረብ ከማስቀመጣችን በፊት ግን ድምፃቸውን የሰጡን ሰዎች ለዚህ ፈቃደኛ መሆናቸውን መጠየቅ የመስክ ሥራ ሥነ ምግባር ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰው ከሙያው የሚያውቀው ነገር ይጠቅመዋል። የአንድን ጥንታዊ ጽሑፍ ቅጂዎች የሚያነጻጽር ሰው፣ ከአንድ የተሳሳተ ቅጂ የተገለበጡ አሥር ቅጂዎች ለእርሱ አንድ ምስክር እንጂ አሥር ምስክሮች እንዳልሆኑ ያውቃል። ሁለት ኮምፒዩተሮችን በበይነ መረብ አስማምቶ የሚያቆይ አገልግሎትም እንዲሁ ነው። በአንዱ ላይ የሰረዝነውን በሌላውም ላይ ይሰርዛል፤ የተበላሸውን ፋይል በደኅናው ላይ ይተካል። ይህ ማስማማት ነው እንጂ ቅጂ አይደለም። ቅጂ ማለት የትላንቱን የዛሬው ሳይነካው የሚያቆይ ነው። በመሆኑም በየወሩ አዲስ ማኅደር ከፍቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ የቀድሞውን ሳይሰርዙ መገልበጥ የተሻለ ነው።

ሌላው ከሙያችን የሚገኘው ልማድ ማነጻጸር ነው። ተገልብጦ ያልተከፈተ ፋይል እንደተገለበጠ አይቆጠርም። ጥቂቶቹን ከፍቶ ማዳመጥና ማንበብ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በብዛት ለማነጻጸር ደግሞ የእያንዳንዱን ፋይል «አሻራ» የሚያወጡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። አሻራ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር የቁጥርና የፊደል ድርድር ነው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። የሁሉንም አሻራ በአንድ ዝርዝር አስቀምጦ በዓመት አንድ ጊዜ ማነጻጸር ፋይሉ ሳንሰማ የሞተ እንደሆነ ያስታውቀናል። በዚያው ቀን የመደርደሪያውን ሃርድ ዲስክ ማስነሣትና ያረጀውን መተካትም ይቻላል።

የግልባጭ ጽሑፎችን በተመለከተ ወረቀትን መናቅ አይገባም። የጻፍነውን አትሞ በመዝገብ ማስቀመጥ፣ አንድ ቅጂም ለተቋም ቤተ መጻሕፍት መስጠት የቆየ ቢሆንም የሚያስተማምን ዘዴ ነው። እኔን ባዶ እጄን ከመቅረት ያዳነኝ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

7. ማጠቃለያ

ኤስኤስዲ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በሌላ ኤስኤስዲ ላይ ነው። ዩፒኤስ ከኋላው ካለ፣ እስከ አፉ ካልሞላ፣ መዝገቡም በየወሩ ከታየ ለዓመታት በጸጥታ ያገለግላል። ጸጥታው ግን የመተማመኛ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሲታመም አያቃስትምና ነው። እንድንተማመንበት የሚያደርገን ከእርሱ ውጪ ያለው ቅጂ ነው።

የመስክ ሥራ ለሚወጡ ተማሪዎቼ ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። የቀዱትን ድምፅ ካደሩበት ከተማ ሳይነሡ በሁለት ዕቃ ይገለብጣሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሦስተኛውን ለክፍሉ ያስረክባሉ። ከእነርሱ አንዷ በቅርቡ «መምህር፣ ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን ያስፈልጋል? በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉን የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይወረሳል። ነገር ግን ውርስ ተቀባይና ጠባቂ ይፈልጋል። የእኚያ እናት የሁለተኛው ዙር ሙሾ ጠባቂው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ያለው አሥራ አንዱ ገጽ ነው። እርሱንም በሦስት ቅጂ አስቀምጬዋለሁ።